ኤምኤስ ነው አይደለም ሳይባል እንዴት ይከረማል

ኮለምቢያ ፓይክ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ነው መጀመሪያ የገባኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ግራ ዓይኔን ባንቀሳቀስኩት ቁጥር ከውስጥ ያመኝ ነበር፣ ሌሊት ስለምነዳ የእንቅልፍ ነገር ነው ብዬ ተውኩት፣ ያን ቀን ግን ቀኝ ዓይኔን አሳክኮኝ በእጄ ሸፍኜ ሳሸው መብራቱ ቀይነቱ ጠፋና ፀሐይ የበላው ጆግ መሰለ፣ የደበዘዘ ብርቱካናማ። ቀኙን ስከፍት ቀይ፣ ስሸፍነው ደብዛዛ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያሉት ጡሩንባ እስኪያንባርቁብኝ ድረስ አንዱን ስከፍት አንዱን ስሸፍን ነበር።

ከዚያ ዓይን ሐኪም፣ ከዓይን ሐኪም ኢመርጀንሲ፣ ከኢመርጀንሲ ኒውሮሎጂስት፣ የነርቭ ሐኪም ማለት ነው። ኦፕቲክ ኒውራይቲስ ይባላል አሉኝ፣ የዓይን ነርቭ መቆጣት ማለት ነው። ሦስት ቀን በደም ሥር ስቴሮይድ ወሰድኩ፣ መንዳት አቆምኩ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ዓይኔ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ይቻላል፣ ሐኪሟም ንዳ አለችኝ። ያልተመለሰው ጥያቄው ነው፤ ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የአንጎልና የአከርካሪ ነርቭን ሽፋን የሚጎዳ በሽታ) ነው ወይስ አይደለም? ጭንቅላቴ ኤምአርአይ ላይ ሦስት ትንንሽ ነጠብጣብ ታየ፣ ቦታቸው ግን ኤምኤስ የሚወደው ቦታ አይደለም፣ አከርካሪዬ ንጹህ ነው፣ ከጀርባዬ የተቀዳው ውሃ ላይም የሚፈልጉት ነገር አልተገኘም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ በስድስት ወር እንደገና እናንሳ፣ በቃ ይሄ ነው የተባልኩት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ኡበር ነጂ ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ። መድኃኒት ልጽፍላችሁ አይደለም። ስድስቱ ወር በምን እንደሚገፋ ግን በአማርኛ የሚነግረኝ አጥቼ ብዙ ስለተንገላታሁ፣ የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም እንደመጣልኝ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ምን እንደምትጠብቁ ይግባችሁ

መጀመሪያ የተናደድኩት ሐኪሟ ላይ ነው። ይሄን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁኝ፣ ጀርባዬን ወግታችሁ፣ አሥራ ምናምን ብልቃጥ ደም ቀድታችሁ እንዴት አታውቁም? ቆይቶ ነው የገባኝ። ኤምኤስ እንደ ወባ ጣት ተወግቶ «አለ የለም» የሚባል በሽታ አይደለም። የራሳችን የመከላከል አቅም ተሳስቶ የአንጎልን፣ የአከርካሪንና የዓይን ነርቭን ሽፋን ይልጣል፣ ሽፋኑ ማይሊን ይባላል፣ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይ መሀል ላይ ይቀራል፣ አንዱ ዓይኑ ላይ ይሆንበታል፣ አንዱ እግሩ ይደነዝዛል፣ አንዷ አንገቷን ስትደፋ ኤሌክትሪክ ከጀርባዋ ወደ ታች የሚወርድ ይመስላታል። ግን ይሄን ሽፋን የሚጎዳ ነገር ኤምኤስ ብቻ አይደለም፣ ደግሞ አንዴ መጥቶ ዕድሜ ልክ የማይመለስም አለ። ስለዚህ ሐኪሞች ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ጉዳቱ ከአንድ ቦታ በላይ ነው ወይ? ከአንድ ጊዜ በላይስ ደርሷል ወይ?

ሁለተኛውን ጥያቄ ደግማችሁ አንብቡት። ከአንድ ጊዜ በላይ መሆኑን የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ያው ጊዜ ራሱ ነው። ስድስት ወር ጠብቀው ሁለተኛ ኤምአርአይ የሚያነሱት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ አዲስ ነጠብጣብ መጣ አልመጣም የሚለው ራሱ ምርመራው ስለሆነ ነው፣ መጠበቁ የምርመራው ክፍል ነው። ይሄ ነገር የገባኝ ቀን ንዴቴ ግማሹ ወጣልኝ፣ ፍርሃቱ ግን ያው ነው፣ አልዋሽም።

መስፈርቱ የማክዶናልድ መስፈርት ነው የሚባለው፣ ከበርገሩ ጋር ዝምድና የለውም፣ ኢያን ማክዶናልድ በሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ ኒውሮሎጂስት ስም ነው የተሰየመው። 2001 ላይ ወጥቶ ሦስት አራት ጊዜ ታድሷል። የ2017ቱ ከጀርባ ውሃ ላይ ኦሊጎክሎናል ባንድ የሚባል የፕሮቲን መስመር ከተገኘ ሁለተኛውን ጊዜ ሳትጠብቁ መወሰን ይቻላል አለ። የመጨረሻው የ2024ቱ ደግሞ የዓይን ነርቭን ራሱን እንደ አንድ ቦታ ቆጥሮታል፣ ነጠብጣቡ መሀል ደም ሥር ይታያል ወይ የሚል የኤምአርአይ ምልክትም ጨምሯል፣ እንዲያውም አንዳንድ ሰው ላይ «ከአንድ ጊዜ በላይ» የሚለው ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትሄዱ በየትኛው መስፈርት እንደተመዘናችሁ ጠይቁ፣ ነገር መፈለግ አይደለም፣ ኒውሮሎጂስት ሁሉ አዲሱን እኩል አልጀመረም። የጠየቅኳት ቀን ሐኪሜ ወንበሯን ወደኔ አዞረች፣ ከዚያ በፊት የምታወራው ለኮምፒውተሩ ነበር።

ቁጥር ለምትፈልጉ (እኔ እፈልጋለሁ፣ ባለቤቴ አትፈልግም፣ እሷ የሚቀጥለውን አንቀጽ ትዝለል)። አሜሪካ ውስጥ ኦፕቲክ ኒውራይቲስ የያዛቸውን ሰዎች 15 ዓመት ተከታትለው ነበር፣ ግማሾቹ ኤምኤስ ሆነ፣ ግማሾቹ አልሆነም። መጀመሪያ ላይ የአንጎል ኤምአርአያቸው ንጹህ የነበረው ላይ ከ100 25፣ አንድም ቢሆን ነጠብጣብ የነበረባቸው ላይ ከ100 72። የኔ ነጠብጣቦች ደግሞ ለየትኛው ወገን እንደሚቆጠሩ ያከራክራሉ። ይሄን ቁጥር ሳስብ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አነጋሁ፣ አሁን ግን ከ72 ውስጥም ብሆን የዛሬው ሕክምና ያን ጊዜ አልነበረም እላለሁ፣ እውነትም ነው።

ውጤቱ ከሐኪሙ ቀድሞ ስልካችሁ ላይ ይመጣል

አሜሪካ ላላችሁ ይሄ ክፍል ከሁሉም ይጠቅማችኋል። ከ2021 ጀምሮ በሕጉ መሠረት የምርመራ ውጤት እንደወጣ ሳይዘገይ ለታካሚው መለቀቅ አለበት፣ ሐኪሙ ሳያየው ማለት ነው። የኔ የመጣው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ ደለስ ኤርፖርት (ቨርጂኒያ ያለው) የነጂዎች መጠበቂያ ቆሜ፣ ተራዬ 47ኛ፣ ስልኬ ጢን አለ፣ ሰው መስሎኝ ከፈትኩት። አንድ ገጽ እንግሊዝኛ። ዓይኔ የያዘው «ዋይት ማተር» እና «ኖንስፔሲፊክ» የሚሉትን ነው። ደንግጬ መተርጎሚያ ላይ ከተትኩት፣ «ያልተወሰኑ የነጭ ጉዳይ ቦታዎች» ብሎ አወጣልኝ። የነጭ ጉዳይ! የነጭ ጉዳይ እኔን ምን አገባኝ ብዬ ብቻዬን መኪና ውስጥ ሳቅኩ፣ ከዚያ ወዲያው አለቀስኩ፣ ከዚያ ተራዬ ደርሶ ሰው ጭኜ ሬስተን ሄድኩ።

ስለዚህ ኤምአርአዩን ከመነሳታችሁ በፊት ወስኑ፣ ከተነሳችሁ በኋላ አይሆንም። የአፑን ኖቲፊኬሽን አጥፉት። ፀሐይ ከገባች በኋላም ዓርብ ከሰዓት በኋላም አትክፈቱት፣ ዓርብ የከፈተ ሰው እስከ ሰኞ የሚያናግረው የለም። ከማን ጋር ሆናችሁ እንደምታነቡት ለዩ። ለሐኪሙ ቢሮ ደግሞ ውጤቱ በወጣ በሁለት ቀን ውስጥ የስልክ ቀጠሮ ያዙልኝ በሏቸው፣ ቀድሞ ለጠየቀ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

ከፍታችሁ ካነበባችሁም ቃሎቹን እወቋቸው። ዋይት ማተር የአንጎል ነጩ ክፍል ነው፣ ከሰው ቀለም ጋር ዝምድና የለውም። ሌዥን ማለት ነጠብጣብ ወይም ጠባሳ ነው፣ ኤምኤስ ማለት አይደለም። ኖንስፔሲፊክ ማለት ከምን እንደመጣ በፎቶው ብቻ አይለይም ማለት ነው፣ ማይግሬንም፣ ደም ግፊትም፣ ሲጋራም፣ ዕድሜም ያመጡታል፣ እንዲያውም በስህተት ኤምኤስ ከሚባሉት ነገሮች ማይግሬን ዋናው ነው። ፔሪቬንትሪኩላር ካለ አንጎል ውስጥ ካሉት የፈሳሽ ጎድጓዳዎች አጠገብ ነው፣ ኤምኤስ የሚወደው ቦታ ይሄ ነው። ኢንሃንሲንግ ካለ በደም ሥር የሚሰጠውን ጋዶሊኒየም መጦታል ማለት ነው፣ ቁጣው ገና የሳምንታት ዕድሜ ያለው ትኩስ ነው። «ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ይታይ» የሚለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለማስፈራራት የተጻፈ አይደለም፣ ፎቶውን ያነበበው ራዲዮሎጂስት እናንተን አይቷችሁ ስለማያውቅ ያየው ሐኪም ይወስን እያለ ነው።

የነጭ ጉዳይ ካልኩ አይቀር፣ ሐበሻ ስብስብ ላይ «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛን አይዘንም» የሚል ሰው አይጠፋም። በ2013 የወጣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ጥናት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችን ከነጭ ሴቶች ይበልጥ እንደሚይዝ ነው ያገኘው፣ ወንዶቹ ላይ ልዩነት አልነበረም። እኛ ላይ አይመጣም ብላችሁ ቀጠሮ አትሰርዙ። አይመስለኝም ብሎ የሚያልፋችሁ ሐኪም ካጋጠማችሁም ሌላ ሐኪም ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል በሉ

ሐኪም ቤት ስትገቡ «ኤምኤስ ነው ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትውጡ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ እሱስ ተመርምሯል ወይ በሉ። ኤንኤምኦ እና ሞግ የሚባሉ ሁለት የሚመሳሰሉ በሽታዎች አሉ፣ ዓይንና አከርካሪ ይይዛሉ፣ በደም ይመረመራሉ፣ መለየታቸው የግድ ነው ምክንያቱም አንዳንድ የኤምኤስ መድኃኒት ኤንኤምኦን ያባብሳል። ሉፐስ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሳርኮይዶሲስ ይታያሉ። ቲቢ ደግሞ ከሀገር ቤት የመጣን ሰዎች ሳንጠየቅ ራሳችን ማንሳት አለብን፣ ድሮ ታመው የሚያውቁ ወይ ቤት ውስጥ ታማሚ የነበረባቸው በተለይ፣ ምክንያቱም ስቴሮይድና ኋላ የሚመጡት መድኃኒቶች ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

ከሁሉም ግን ቢ12። እጥረቱ እግር ያደነዝዛል፣ ሚዛን ያሳጣል፣ ያስረሳል፣ አከርካሪ ላይ ጉዳት ያደርሳል፣ ኤምኤስን ይመስላል፣ ግን ይታከማል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ውስጥ ነው ያለው። ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማች አንድ ሁዳዴ 55 ቀን ጾሙ አይጨርሰውም፣ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጾም፣ ከዚያ ላይ የጨጓራ ችግር ያለበት ወይ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ይጠይቅ። አንድ ነገር ብቻ፣ ደሙ ሳይቀዳ ቫይታሚኑን መዋጥ አትጀምሩ፣ ቁጥሩን ያበላሽባችኋል፣ እኔ የጎረቤት ምክር ሰምቼ ሁለት ሳምንት ውጬ ነው የሄድኩት፣ ሐኪሜ ራሷን ነቀነቀች።

ጀርባ መወጋቱን ብዙ ሰው ይፈራል፣ «ሽባ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ከሀገር ቤት ተከትሎን መጥቷል። መርፌው የሚገባው አከርካሪ ውስጥ ያለው ዋናው ነርቭ ካበቃበት በታች ነው። ዋናው ችግር ራስ ምታት ነው፣ ስትነሱ የሚብስ፣ ስትተኙ የሚሻል። ኤትራማቲክ የሚባለው ጫፉ የማይቆርጥ መርፌ ራስ ምታቱን ስለሚቀንስ በእሱ አድርጉልኝ በሉ። ካመማችሁ ፈሳሽ፣ መተኛት፣ ደግሞ ካፌይን ይመከራል። ቡና እንድጠጣ በሐኪም ስታዘዝ ባለቤቴ ምስክር ሆና ተቀምጣለች፣ ሦስተኛዋ በረካ እስክትደርስ አልተነሳሁም። ራስ ምታቱ ቀናት ካለፈው ደውሉ፣ ሕክምና አለው። ከጀርባ ውሃው ላይ ኦሊጎክሎናል ባንድ ካልተገኘ ደግሞ ነጻ ወጣሁ ማለት አይደለም፣ ኤምኤስ ካለባቸው 10 ሰዎች ስምንት ዘጠኙ ላይ ነው የሚገኘው፣ የቀሩት አሉ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ድግስ ልደግስ ነበር።

ደብተሩና የበርበሬው ክዳን

ደብተር ያዙ፣ ስልክ አይደለም፣ ስልክ ላይ የጀመረ ሰው ጉግል ላይ ይጨርሳል። የሚጻፈው አጭር ነው፤ መቼ ጀመረ፣ የት፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ያን ቀን ትኩሳት ወይ ጉንፋን ወይ ሽንት ማቃጠል ነበር ወይ፣ ሙቀት ነበር ወይ። የኔን ላሳያችሁ። «ጁላይ 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ግራ እጅ ሁለት ጣት ደነዘዘ፣ 20 ደቂቃ፣ መሪ ላይ ተደግፌ ነበር።» «ጁላይ 22፣ ሙቅ ሻወር፣ ግራ ዓይን ጭጋግ፣ ከወጣሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ጠፋ።» በቃ ይሄው ነው፣ ስሜት አይጻፍም፣ ስሜት ሌላ ቦታ አለው።

ለምን ስንት ሰዓት እንደቆየ ይጻፋል? ሪላፕስ ማለትም አዲስ ጥቃት የሚባለው ቢያንስ 24 ሰዓት የቆየ፣ ትኩሳት ወይ ኢንፌክሽን ያላመጣው ነው። 20 ደቂቃ ደንዝዞ የለቀቀ ጣት ብዙ ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ጣት ነው። የሻወሩ ነገር ደግሞ ስም አለው፣ ኡትሆፍ ይባላል፣ በ1890 የጻፈው ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ስም ነው፣ የተጎዳ ነርቭ ሙቀት ሲነካው ለጊዜው ይደክማል፣ ሲበርድ ይመለሳል፣ አዲስ ጉዳት አይደለም። እኔ ይሄን ሳላውቅ ፎጣ ለብሼ ኢመርጀንሲ ልሄድ ነበር። የዲሲ ኦገስት፣ ምጣድ አጠገብ መቆም፣ ሳውና፣ ስፖርት፣ ሁሉም ያመጡታል። ሻወሩን ለብ አድርጉት፣ መኪናውን ቀድማችሁ አቀዝቅዙ፣ እንጀራ ጠዋት ይጋገር፣ መንቀሳቀስ ግን አታቁሙ።

ከ24 ሰዓት ካለፈ ለኒውሮሎጂስታችሁ ደውሉ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ዓይን እየጠፋ ከሄደ፣ እግር ከከዳ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ያኔውኑ ኢመርጀንሲ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተምታታ፣ ግማሽ አካል ድንገት ከዛለ 911፣ ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፣ «ያው የለመደብኝ ነው» ብሎ መተኛት የለም።

የደብተሩ ሌላው ጥቅም መፈተሽ ማቆም ነው። እኔ ቀይ መብራት በቆምኩ ቁጥር አንድ ዓይኔን እየሸፈንኩ እፈትሽ ነበር፣ ባለቤቴ ቤት ውስጥም የበርበሬ ማስቀመጫውን ቀይ ክዳን ይዤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሳይ ትይዘኛለች፣ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ። በሃያኛው ዓይን ደክሞት ይደበዝዛል፣ ደበዘዘ ብዬ ልቤ ይሄዳል፣ እንደገና አያለሁ። ተስማማን፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ያው ክዳን፣ ያው መስኮት፣ ይጻፋል፣ ያልቃል። ሌላ ቀን ክዳኑን ትደብቅብኛለች፣ አንድ ሰሞን በርበሬያችን በፌስታል ታስሮ ነው የከረመው።

ጭንቀቱን ቀጠሮ ስጡት

ኤርፖርት መጠበቂያ ላይ ተራ ቁጥር አለ፣ 47 ነህ፣ 30 ነህ፣ 8 ነህ፣ ቢዘገይም ስለሚቀንስ ሰው ይታገሳል። ይሄኛው ቁጥር የለውም። ለዚህ ነው አእምሮ በራሱ ቁጥር ለመሥራት የሚሮጠው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዩቲዩብ ላይ የማናውቀውን ሰው ምልክት ከራሳችን ጋር የሚያስተያየው።

ለኔ የሠራው ሰዓት መቁረጥ ነው። ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ፣ ቤታችን በር ላይ። የፈለግኩትን እፈራለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ለሐኪም የሚጠየቅ ጥያቄ ከመጣ እጽፋለሁ፣ ማንበብ ካለብኝ ያኔ አነባለሁ። ሌላ ሰዓት ሲመጣ «ነገ አሥር ተኩል» እለዋለሁ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ እኔም ስቄበት ነበር፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ ግን ግማሹን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የምፈራው አልቆብኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ሁልጊዜ አይሠራም። ስቴሮይድ ላይ ሳላችሁ ጭራሽ አይሠራም፣ መድኃኒቱ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል፣ ያን ሳምንት ባሕርያችሁን በራሳችሁ አትፍረዱበት፣ ለቤተሰብም አሳውቁ።

ስታነቡ የጽሑፉን ዓመት እዩ። ለኤምኤስ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደው በ1993 ነው፣ ዛሬ ከ20 በላይ አለ፣ የቆየ ጽሑፍ ላይ ያለው ሥዕል የሌላ ዘመን ሰው ነው። ሐኪማችሁንም ሳይረጋገጥ መድኃኒት መጀመር ለኔ ይጠቅማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዴ ብቻ ጥቃት የደረሰባቸው ግን አደጋቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ የሚጀምሩ ሐኪሞች አሉ። ሀገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ሦስት የኤምኤስ መድኃኒቶችን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፣ ክላድሪቢን፣ ግላቲራመር እና ሪቱክሲማብ፣ ዝርዝር ውስጥ መግባት ፋርማሲ ላይ መገኘት አይደለም፣ ግን ኒውሮሎጂስቱን በስማቸው ጠርታችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ጭንቀቱ መኖር እስከመጥላት ከደረሰ ግን ይሄ የሰዓት ነገር አይበቃም፣ አሜሪካ 988 በማንኛውም ሰዓት ይደወላል፣ ለሐኪማችሁም በግልጽ ንገሩ። ወንዶች በተለይ፣ «ድክም ብሎኛል» ብላችሁ አትሸፍኑት፣ ሐኪም በግምት አያውቅም።

ገንዘብና ሥራ፣ ባጭሩ። ኤምአርአይ ሆስፒታል ውስጥና ውጪ ባለ ኢሜጂንግ ሴንተር ዋጋው በጣም ይለያያል፣ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ የት ብነሳ ይቀንሳል በሉ፣ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያው በተነሳበት ማሽን ቢሆን ማነጻጸር ይቀላል፣ ካልሆነም ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የክፍያ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፣ ፎርሙን እናንተ ካልጠየቃችሁ ብዙ ቦታ ማንም አያነሳላችሁም። አስተርጓሚ ነጻ ነው፣ በስልክም ይሁን፣ የ11 ዓመት ልጃችሁን «ሰውዬው ኤምኤስ አለብህ አለ?» እያላችሁ አታስተርጉሙት። ኤፍኤምኤልኤ የሚባለው ሥራ ሳትነጠቁ እስከ 12 ሳምንት ያለክፍያ የማረፍ ሕግ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ቦታ አንድ ዓመት ለሠራ ነው፣ እንደኔ በራሱ የሚነዳ አይመለከተውም፣ ስለዚህ ለሁለት ወር የሚሆን ቤት ኪራይ ማስቀመጥ ነው ያለኝ አማራጭ፣ ገና አንዱን ነው የሞላሁት። የጤና ኢንሹራንስ ከ2014 ወዲህ ታማሚ ነህ ብሎ አይከለክልም፣ የሕይወትና የዲስኤቢሊቲ ኢንሹራንስ ግን በምርመራ ላይ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ መዋሸት ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ለማን ይነገራል

ይሄ ለኔ ከመርፌው የከበደ ነበር። ሐበሻ ጋ «አላወቁም» የሚባል መልስ የለም፣ ወይ አመመህ ወይ ዳንክ። ለአንዱ ጓደኛዬ የነገርኩት በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የማላውቃቸው እናት እጄን ይዘው «አይዞህ ልጄ፣ የኔ እህት ልጅም እንዲሁ ጀምሮት ነው» ብለው አለቀሱልኝ፣ በምን እንዳለቀ ሳይነግሩኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀን፣ «ዓይኔን አሞኝ ነበር፣ ተሽሎኛል፣ ለማረጋገጥ ክትትል ላይ ነኝ»፣ እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ ጥያቄ አይጋብዝም። የበሽታውን ስም የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው፣ አራቱንም ከመንገሬ በፊት ለማን ልትነግር ትችላለህ ብዬ ጠይቄያለሁ። አሠሪ ያላችሁ ገና ያልተረጋገጠ ነገር ለመናገር አትቸኩሉ።

ጠበል ላይ አልከራከርም፣ እኔም ተጠምቄያለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። የምለው አንድ ነገር ነው፣ ስቴሮይድ እየወሰዳችሁ ለጠበል ብላችሁ በመሀል አታቋርጡ፣ ድንገት ማቆሙ ሰውነት ይጎዳል፣ ቄሱንም ጠይቋቸው፣ የኔ ንስሐ አባት «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፣ ዋጥ» ነው ያሉኝ።

እናቴ ደሴ ናት። ልነግራት አልነበረም፣ የአክስቴ ልጅ ነገራት። «ዓይንህን ነው አሉ፣ ማን ነገረሽ አትበለኝ» ብላ ጀመረች። የማላውቀውን በሽታ ለማታውቀው ሰው በስልክ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ነርቭ አልኳት፣ ነርቭ ስላት ስትሮክ መሰላት፣ አለቀሰች። ከዚያ በየቀኑ፣ ሰላምታ ሳይቀድም፣ «ውጤቱ መጣ ወይ?»። ስድስት ወር አይመጣም እማዬ። «ምን ያለ ሐኪም ነው ስድስት ወር የሚያስጠብቅ?» ስልኳን መፍራት ጀመርኩ፣ ሁለት ቀን ሳላነሳ ቀረሁ፣ ያ ደግሞ ባሰ።

በመጨረሻ እንዲህ አልኳት፣ «እማዬ፣ ጤፍ ዘርተሽ በማግስቱ አፈሩን ቆፍረሽ በቀለ ወይ ትያለሽ?» ዝም አለች። ሐኪሞቹ የሚጠብቁት በቀለ አልበቀለም የሚለውን ነው፣ እኛ እንዳይበቅል ነው የምንጸልየው። «እሱስ ልክ ነው» አለች። ተስማማን፣ እሁድ እሁድ ብቻ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እሁድ ያለውን ሁሉ እነግራታለሁ፣ የለም ከሆነም የለም። እንደ እሷ ያለ ሰው ላለባችሁ ሁሉ ይሄን ሞክሩ፣ አትጠይቁኝ ከማለት ቀን መስጠት ይሻላል።

ትናንት እሁድ ነበር። ስለ ጤፍ ዋጋ አወራችኝ፣ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሠርግ፣ ስለ ጉልበቷ፣ አርባ ደቂቃ። ልትዘጋ ስትል «በል ደኅና ሁን» አለችኝ፣ ቆየት አለች፣ «ቅዳሜ ክዳኑን አየኸው?» አለችኝ። ቀይ ነው አልኳት። «እሰይ» ብላ ዘጋችው።